ከሆሳዕና እስከ አብነት፦ ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው

ዓርብ፣ ሆሳዕና መነኸሪያ፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ወደ አዲስ አበባ የተነሣሁት አንድ ትምህርት ለመስጠት ነበር። ታናሽ ወንድሜ መጋቢ ታምራት ልደታ ክፍለ ከተማ፣ አብነት ውስጥ አንዲት አነስተኛ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ደውሎ፣ ይህን ያህል ዘመን ሥነ ዜጋ ያስተማርሽ ሰው ስለሆንሽ ምርጫው ሳይደርስ መጥተሽ ስለ ክርስቲያንና ስለ ምርጫ ለምእመናኑ አስተምሪልን አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ፤ ፈራሁም።

የፈራሁበትን ምክንያት ልናገር። እኔና ታምራት ያደግነው ፖለቲካ የዓለም ነገር ነው በሚባልበት ቤት ነው። አባታችን የአጥቢያው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ተነሥተው ይዘጉት ነበር። እኔ ደግሞ አድጌ ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለ ዜጋ መብትና ግዴታ ሳስተምር፣ እሑድ እሑድ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ሳልሰማ ሃያ አራት ዓመት ኖርሁ። ሁለቱ ነገሮች ውስጤ እንደማይተዋወቁ ጎረቤቶች ነበሩ። አሁን አንድ መድረክ ላይ ላገናኛቸው ነው። አራት ገጽ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ካርድ ያወጣችሁ ሂዱ ምረጡ፣ በሐሳብ ልዩነት አትጣሉ፣ ውጤቱን በሰላም ተቀበሉ የሚል ነው። ማንንም የሚያስቀይም ነገር አልነበረበትም።

የተሳፈርሁት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነው። ታሪፉ አምስት መቶ ሃምሳ ብር፤ ለሻንጣዬ ሃምሳ ብር ጨመሩብኝ። ወራቤን እስክናልፍ ድረስ በግራና በቀኝ እንሰትና ባሕር ዛፍ፣ በመሐል ዝናብ የጠገበ የታረሰ መሬት ነው። በየከተማው ግድግዳ ላይ የዕጩዎች ፎቶ ተለጥፏል። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ አንዱ ዕጩ መከራከር ጀመሩና ድምፃቸው ከፍ አለ። ረዳቱ ዞሮ፣ ፖለቲካውን ወርዳችሁ አውሩት አላቸው። ከዚያ በኋላ በአውቶቡሱ ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም። ዝምታው ከክርክሩ ይልቅ ከበደኝ።

ቡታጅራና ዓለም ገና

ቡታጅራ ላይ ለቁርስ ቆምን። ፉል ከሁለት ዳቦ ጋር መቶ ሃያ ብር ከፈልሁ። ጥሩ ፉል ነበር፤ ቃሪያው ግን እስከ ጢያ ድረስ አፌ ውስጥ ነደደ።

ዓለም ገና ከመድረሳችን በፊት ፍተሻ ነበረ። ሁላችንም መታወቂያችንን ይዘን ወረድን። አንድ ወጣት ፈታሽ ቦርሳዬን ከፍቶ አራቱን ገጾች አወጣና ርእሱን አየ። ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው አልሁት። መንገዱ ዳር ቆሞ ማንበብ ጀመረ። አንደኛውን ገጽ ጨረሰ፤ ሁለተኛውን ገለጠ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ተፈትሸው ገብተው በመስኮት ያዩኛል። ምንም ጥፋት እንደሌለብኝ እያወቅሁ ፈራሁ። አራተኛውን ገጽ ሲጨርስ አጥፎ መለሰልኝና፣ ጥሩ ነው እናቴ፣ ምንም የለበትም አለኝ። ያን ጊዜ እፎይ አልሁ። ትምህርቴ ላይ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ትክክለኛው የዚያ ልጅ እንደነበር የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። እውነትም ምንም አልነበረበትም።

አየር ጤና መነኸሪያ የደረስነው ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ በሚኒባስ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ደግሞ ሌላ ሰልፍ ይዤ ወደ አብነት።

አብነት

አብነትን ካየሁት አራት ዓመት ሆኖኛል። ከዋናው መንገድ ገባ ስል የማውቃቸው ቤቶች የሉም። ቦታቸው በቆርቆሮ ታጥሮ፣ በቀዳዳው ሲታይ ፍርስራሽና ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ነው። የወንድሜ ቤተ ክርስቲያን ያለችበት ረድፍ ግን ገና አለ። ቀድሞ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ከጎኑ ትንንሽ የጭቃ ቤቶች፣ አንድ የብረት በርና መስኮት መሥሪያ፣ አንድ ጫማ ጠጋኝ፣ አንድ ዳቦ ቤት። በሁሉም በር ላይ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል። በአዳራሹ በር ላይም አለ።

የታምራት ባለቤት ሰናይት አቅፋ ሳመችኝና ቁጥሩን ሳይ አይታ፣ የመፍረስ ተራችን ደርሷል፣ እትዬ አለችኝ። ታምራት ከመጠን በላይ ደስተኛ ነበር። የሆሳዕናን ሰው ሁሉ በስም እየጠራ ጠየቀኝ፤ ስለ ቀይ ቁጥሩ ስጠይቀው ግን እግዚአብሔር መንገድ ከፍቶልናል ብሎ ወሬውን ቀየረው። ልጅ ሳለ ዕቃ ሲሰብርም እንዲህ ይስቅ ነበር። ነገር እንዳለ የዚያኑ ቀን ማታ አወቅሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ቅዳሜ

ጧት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። የብረት መሥሪያው ባለቤት ከበሩ ላይ ሆነው ሰላም አሉኝ። ስማቸው ጋሽ ነስሩ ነው። የስልጤ ሰው ናቸው፤ በወራቤ እንዳለፍሁ ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ እዚያ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ነው። ቀጥለው በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝና ያስጨነቃቸውን አወጉኝ።

የረድፉ ነዋሪ አብዛኛው ካርታ የለውም። ስለዚህ ሲነሣ ማን ምትክ እንደሚያገኝ፣ የት እንደሚያገኝ አይታወቅም። ተሰብስበው ተማክረው፣ ሁላችንም በአንድ ላይና በቅርብ ቦታ እንድንሰፍር ይደረግልን የሚል ደብዳቤ አዘጋጅተዋል። ሠላሳ ስምንት አባወራ ፈርሟል። ሰኞ ወረዳው ይቀበላቸዋል።

«የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ማህተም ነው» አሉኝ። «ከረድፉ ትልቁን ይዞታ የያዘው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለበት ደብዳቤው ክብደት የለውም። መጋቢው ነገ ነገ ይሉኛል። ሁለት ሳምንት ሆነ። እርስዎ ታላቅ ነዎትና አንድ ቃል ቢነግሩልኝ።»

ሌላም ነገር የነገረችኝ ሰናይት ናት፤ እሳቸው አላነሡትም። ባለፈው ዓመት ንፋስ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲገነጥለው ጋሽ ነስሩ ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወጥተው፣ ለእሑድ ጸሎት አድርሰውታል። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ የረመዳን ጾም ላይም ነበሩ።

ዳቦውን እንደያዝሁ ወደ ታምራት ቢሮ ገባሁ። ቢሮው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ የብረት ሣጥን ነው። ማህተሙን ለምን እንደከለከለ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሸሸ፤ ኋላ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ተናገረ። በምርጫ ክልሉ የሚወዳደር አንድ ዕጩ አለ። አማኝ ነው፤ በሌላ አጥቢያ ያመልካል፤ ወላጆቹ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። ካሸነፍሁ ለቤተ ክርስቲያናችሁ ምትክ ቦታ እንዲሰጥ እከራከራለሁ ብሎ ለታምራትና ለሽማግሌዎቹ ቃል ገብቷል። ነገር ግን የእናንተ ጉዳይ ከረድፉ ጋር ከተቀላቀለ ለብቻው ላወጣው አልችልም ብሎ አስጠንቅቋል። በምላሹ የጠየቀው ትንሽ ነገር ነው፤ እሑድ ከትምህርቱ በኋላ ሽማግሌዎቹ በጉባኤው ፊት እጃቸውን ጭነው እንዲጸልዩለት።

በአምልኮ ቦታ ቅስቀሳ በሕግም ክልክል እንደሆነ ነገርሁት። ቅስቀሳ አይደለም፣ ጸሎት ነው አለኝ።

«እጃችሁን ስትጭኑበት ሰዉ ምን ይረዳል?» አልሁት።

«የሚረዳውን ይረዳል» አለኝ።

ለካ እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው። ያ ማንንም የማያስቀይም አራት ገጼ ለዚያ ጸሎት መንደርደሪያ ነበር። የተታለልሁ መስሎኝ ተቆጣሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ በቁጣ የማልናገረውን ተናገርሁት። ታምራት ግን አልተቆጣም። ዐይኑ እንባ አቅርሮ፣ ሦስት መቶ ሰው በእኔ ላይ ነው፣ ከመካከላቸው ተከራይተው የሚኖሩ መበለቶች አሉ፣ ከሰባቱ ቀን አንዱን የሚያርፉበት ይህ አዳራሽ ብቻ ነው፣ ሜዳ ላይ ሲቀሩ ምን ልበላቸው አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ከእሱ ይልቅ እኔ ልክ መሆኔን እርግጠኛ አልነበርሁም።

ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ ዕጩው ራሱ መጣ። ክፉ ሰው እንዲሆን ጠብቄ ነበር፤ አልነበረም። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትሑት፣ ጥሩ ሰላምተኛ። የእናቱን የትውልድ መንደር ነገረኝ፤ አውቀዋለሁ። ስለ ረድፉ ሰዎች ጠየቅሁት። ለሁሉ የሚደርስ ሰው እንደሌለ፣ እያንዳንዱ ወገን ለራሱ የሚናገርለት እንዳለው፣ አማኞች ብቻ ዝም ብለው እንደኖሩ ነገረኝ። ቀጥሎ ትከሻውን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ፣ «መምህርት፣ ቃሉም እኮ ለእምነት ቤተሰዎች ቅድሚያ ስጡ ይላል» አለኝ።

ያን ቃል በልጅነቴ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ቃሉ ሲጀምርስ ለማን ነው የሚለው?» አልሁት።

ፈገግ አለ። እሱም ያውቀዋል። ቃሉ የሚጀምረው ለሰው ሁሉ መልካም አድርጉ በሚል ነው።

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ከሄደ በኋላ ለታምራት ቁርጤን ነገርሁት። ከመድረክ ላይ አላዋርድህም፤ የነገርኸኝንም አላወጣም። ነገር ግን ትምህርቴን ከጨረስሁ በኋላ እጅ ልትጭኑበት ከጠራችሁት፣ ወርጄ መጨረሻው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ራት ላይ ሰናይት ብቻዋን አወራች።

እሑድ

አዳራሹ ከሦስት ሰዓት በፊት ሞላ። ዕጩው ከአንድ አብሮት ከመጣ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጋሽ ነስሩ እንደ ሌላው ቀን ሥራ ላይ ናቸው፤ የብረት መቁረጫው ድምፅ ግን ዝማሬው ሲጀመር ቆመ። ሁልጊዜ እሑድ እንዲህ እንደሚያደርጉ ከጎኔ የነበረች ሴት በሹክሹክታ ነገረችኝ።

አራቱን ገጽ ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያውን አነበብሁ፤ ሁለተኛውን ገለጥሁ። ፊቴ ያሉትን ሰዎች አየሁና ወረቀቱን አጠፍሁት። በልጅነቴ ቤታችን ዜና ሲጀመር ሬዲዮው ይዘጋ እንደነበረ ነገርኋቸው፤ ሳቁ። ያን የሚያደርጉት አባታችን ግን ጎረቤት ሲታመም ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ በቃሬዛ ተሸክመው እንደሚሄዱ ነገርኋቸው። እሳቸው ፖለቲካ አልነካም ይሉ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ቃሬዛውን ማን እንደሚሸከም መወሰንም የአገር ጉዳይ ነው አልሁ።

ልቀጥል ስል ዝናቡ ጣለ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ ማይክራፎንም አይረዳም። ቆሜ ጠበቅሁ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያያል፤ እኔ ወደ ታምራት፣ ታምራት ወደ መሬት። ዕጩው ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ወርጄ መቀመጥ፣ ትምህርቱን ዝናብ አቋረጠው ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ይህን ያላሰብሁ አይምሰላችሁ።

ዝናቡ ሲያባራ የቀረኝን አጭር አድርጌ ተናገርሁ።

«ድምፃችሁ የእናንተ ነው። የወንድሜ አይደለም፤ የእኔም አይደለም። ማንን እንደምትመርጡ ከዚህ መድረክ ላይ የሚነግራችሁ ሰው ካለ፣ እግዚአብሔር ለእናንተ የሰጣችሁን ኅሊና እየወሰደባችሁ ነው። ከእኛው ወገን የሆነውን መምረጥ ኃጢአት አይደለም። ግን ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ሰው እንደ እኔ ለማይጸልየው ጎረቤቴ ምን ያደርግለታል? ለእኔ ብቻ መልካም የሚሆንልኝ ከሆነ፣ ነገ እኔም የሌላ ሰው ጎረቤት ነኝ።»

አሜን ያለ ጥቂት ሰው ነው። ማይክራፎኑን ለታምራት ሰጠሁት። ጉባኤው ፊት ቆሞ፣ በመካከላችን እንግዳ አለን፣ ወንድማችን ብሎ ዕጩውን በስሙ ጠራና እንዲነሣ ጠየቀው። ዕጩው ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። አራቱ ሽማግሌዎች ከአግዳሚያቸው ተነሡ። እኔ እንዳልሁት ወረድሁ። ከመድረኩ እስከ በሩ ያለው መንገድ በዚያን ቀን እንደረዘመብኝ ረዝሞብኝ አያውቅም። መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ልጅ ካዘለች አንዲት እናት ጎን ተቀመጥሁ። ታምራት እያየኝ ነበር።

«ለወንድማችን እንጸልይለታለን» አለ። አንገቴን ደፋሁ። ቀጥሎ ግን ሳል ይዞት ቆመና፣ «ለሌሎቹም ዕጩዎች እንጸልያለን» አለ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት ቆሙ። ታምራት ስማቸውን መጥራት ጀመረ። በሰፈሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሁሉ ጠራ፤ ከመካከላቸው አንዷ ሙስሊም ሴት ናት። የመጨረሻው ሰው ስም ጠፋበት። ይቅርታ፣ ያ በዳቦ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ማን ነበር ብሎ ጉባኤውን ጠየቀ፤ ከመዘምራኑ አንዷ ነገረችው። ላሸነፈው ሁሉ ጥበብን፣ ለተሸነፈው ትዕግሥትን፣ ለረድፉ ነዋሪ ሁሉ ማረፊያን ለመነ። እጁን በማንም ላይ አልጫነም። ዕጩው ራሱን ዝቅ አድርጎ በክብር ቆመ፤ አሜን ሲባል አሜን አለ። ለምሳ ግን አልቆየም።

ምእመናኑ ከተበተኑ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከታምራት ጋር ቢሮው ውስጥ ገቡ። እኔና ሰናይት ከውጭ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውሃ እያየን ቆምን። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ቆይቶ ሽማግሌው አቶ ደምሴ ወጡ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡ፣ የአዳራሹን የመጀመሪያ ኪራይ ከኪሳቸው የከፈሉ ሰው ናቸው። ፊቴ ቆመው፣ «መምህርት፣ እርስዎ ማክሰኞ ሆሳዕና ነዎት። እኛ እዚህ ነን» አሉኝና ሄዱ። በክፋት አልተናገሩትም። እስከ ዛሬ ከዚህ የከበደ ተግሣጽ አልደረሰብኝም፤ እውነት ነውና።

ቢሮው ውስጥ የወሰኑት በድምፅ ነው። የረድፉ ደብዳቤ ማህተም ይደረግበት ያሉት ሦስት፣ አይደረግበት ያሉት ሁለት። ሦስተኛው ድምፅ የታምራት ነበር።

ሰኞ

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ታምራት ማህተሙን ከብረት ሣጥኑ አውጥቶ ወደ ጋሽ ነስሩ ሱቅ ሄደ። እኔ ተከተልሁት። ጋሽ ነስሩ የሥራ ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠርገው ደብዳቤውን ዘረጉት። ታምራት ማህተሙን አሳረፈበት። ታምራት ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ እሳቸው ቀድመው፣ «ወረዳው በአራት ሰዓት ነው የቀጠረን፣ እንዳይረፍድብን» አሉት።

ስድስት ሆነን በእግር ሄድን። ጫማ ጠጋኙ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ወረዳው ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። የተቀበለችን ወጣት ሠራተኛ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ፊርማዎቹን ቆጠረች፤ በመዝገብ ላይ አስገብታ ቁጥር ሰጠችን። ምንም ቃል አልገባችልንም፤ በአግባቡ ለሚመለከተው እንደምታደርስ ብቻ ነገረችን። ስንወጣ ጋሽ ነስሩ ቁጥሩን በእጃቸው መዳፍ ላይ ጻፉት፤ ወረቀቱ ቢጠፋስ አሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ታምራት ስልኩን ዘግቶ ተኛ። ሰናይት እንደነገረችኝ ሁለት ቤተሰቦች ወደ ሌላ አጥቢያ እንደሚሄዱ ደውለው ነግረውታል። ከቆየሁበት ቀን ሁሉ የከበደኝ ይኸ ነው። እኔ ተናግሬ እመለሳለሁ፤ የሚከፍለው እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ወደ ቤት

ታምራት ሻንጣዬን ይዞ እስከ ሜክሲኮ ሸኘኝ። ባቡሩ ከላያችን ሲያልፍ፣ ለአየር ጤና ሰልፍ ይዘን ቆመን ነበር። ተራዬ ሲደርስ ሻንጣውን አቀበለኝና፣ «አዳራሹን ብናጣው በአንቺ ነው አልልም፣ እትዬ። ግን ዛሬ ልክ ነበርሽ እንድልሽ አትጠብቂኝ፤ ገና አላወቅሁትም» አለኝ። ጉንጩን ሳምሁት። እኔም ገና አላወቅሁትም አልሁት።

መመለሻው ላይ ዝናብ ስለነበረ ቀስ ብለን ሄድን። ጢያ አካባቢ ጎማ ፈንድቶ አንድ ሰዓት ቆምን። ሆሳዕና የገባሁት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ነው። ቦርሳዬን ስፈታ አራቱ ገጾች ታጥፈው አገኘኋቸው፤ ጀርባቸው ባዶ ስለሆነ ለገበያ ዝርዝር አደረግኋቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ መረጥሁ። ለሃያ አራት ዓመት ለተማሪዎቼ እንዴት እንደሚመረጥ ሳስተምር፣ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ እንደዚያን ቀን አስቤ አላውቅም። አብነት ላይ ለሌሎች የሰጠሁትን ጥያቄ ለራሴ ጠየቅሁ። መልሱ ከጠበቅሁት ሰው አላደረሰኝም። ማንን እንደመረጥሁ ለማንም አልነገርሁም፤ ለእናንተም አልነግርም።

ታምራት ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለ። ወረዳው የረድፉን ነዋሪ ለስብሰባ ጠርቶታል፤ ውጤቱ አልታወቀም። አዳራሹ ገና ቆሟል። ሁለቱ ቤተሰቦች አልተመለሱም፤ አቶ ደምሴ ግን በረድፉ ኮሚቴ ውስጥ እንዲገቡ ተመርጠው፣ ስብሰባ ላይ ከጋሽ ነስሩ ጎን ሆነው ሲከራከሩ አይቶ ታምራት ራሱ ተገርሟል። ልክ ነበርሽ አላለኝም። ጸልዪልን አለኝ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ እምነቴ ለማን ድምፅ እንደምሰጥ አልነገረኝም እላችኋለሁ። የነገረኝ ከማን ጋር መቆም እንዳለብኝ ነው፤ ያም ከምርጫው ቀን በፊትና በኋላ ባሉት ቀኖች ሁሉ የሚሠራ ነገር ነው። የአቶ ደምሴ ቃልም አልለቀቀኝም። እኛ እዚህ ነን ብለውኛል። እኔ ደግሞ የምኖረው ሆሳዕና ነው። እኔ ባለሁበት መንደር ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር የታችኛው ረድፍ ቤቶች ውሃ ይገባባቸዋል፤ የእኔ ቤት ከፍታ ላይ ስለሆነ አይነካውም። ውሃውን ስለሚያስወጣ ቦይ ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ፣ ሥነ ዜጋ ሳስተምር የኖርሁት እኔ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። የታችኛው ረድፍ ሴቶች ሲያዩኝ፣ ምን ሆና መጣች ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ተጠጉና ቦታ ሰጡኝ።